የእናት ድሪ እስከ ፒያሳ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ታክሲ ተሳፍረናል። ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት እህትማማቾች የሟች እናታቸውን የብር ድሪ ሊሸጡ ይሄዳሉ።

«ምነው ዝም አልሽ እትዬ?» አለች ታናሽየዋ። «እኔስ ወድጄ ነው? የልጄ ኦፕራሲዮን ለሰኞ ነው።»

«ሽጭው አልኩሽ እኮ። ልጅ ይበልጣል።»

«ታዲያ ምነው ጨብጠሽ ያዝሽው?»

«አንጥረኛው ያቀልጠው የለ! ከሰፈራችን ይህን ሳታጠልቅ የተዳረች ማን አለች?»

«እኔና አንቺም በሱ ነው የተሞሸርነው።»

«አንቺማ ከቤት አልወጣም ብለሽ ስታለቅሺ በጠስሽው። እማ በጥቁር ክር ቋጠረችው። ይኸው፣ ዛሬም አልላላም።»

«ክሩንማ አንጥረኛው ቆርጦ ይጥለዋል።»

«አይጥለውም! የእማ እጅ ያለበት እሱ ነው። ፍቺና ለኔ ስጪኝ።»

«አሁን ብፈታው ታክሲው ውስጥ ይበተናል። እዚያው ስንደርስ።»

«እንግዲያ እስክንወርድ ላጥልቀው።»

«ወይ ጉድ፣ ሸጋ ሙሽራ! ሚዜሽ ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ! ዝም ብለሽ ከኋላ እሰሪልኝ።»

የራሷን ድሪ ለእኔ ሕክምና የሸጠችው እናቴ፣ ፒያሳ እስክንደርስ ነጠላዋን አንገቷ ላይ እንደጨበጠች ነበረች።