በጠርሙስ ያደገ የተምች በሽታ

«እማማ ዘይቱና፣ መድኃኒቱን ሲረጩ አበላሽተውት ነው» አለኝ በሺር። ሠላሳ ክረምት ማሽላ አብቅዬ ውሃ መርጨት አታውቅም ተባልኩ። ያልተማረ ሰው ጥፋት ሲፈለግ ቅርብ ነው።

በሺር ኮምቦልቻ የሚሠራ የተባይ ባለሙያ ነው፤ ተምችን ብቻ የሚገድል ቫይረስ በጠርሙስ ያራባል። አምና የመንደራችንን የገራዶን ማሽላ አድኗል። ዘንድሮ ግን ያንኑ ረጭተን ተምቹ ማሳችንን ላጠው። ማክሰኞ ደሴ አውቶቡስ ተራ ድንገት ሳገኘው ያንኑ ጠርሙስ በሣጥን ሙሉ ወደ ኩታበር ሊጭን ነው፤ ጥፋቱን በእኔ ያላከከውም እዚያው ነው። ኩታበር የእህቴ የሸሪፋ ጤፍ ገና በቡቃያው አለ። እጁን ይዤ ማሳዬ ድረስ ወሰድኩት፤ ሣጥኑንም አሸከምኩት።

«ከተረፈው ማሽላ በዚህ ዳር ያንተን ረጨሁ። በዚያ ዳር ደግሞ፣ ሣር ላይ ጠቁረው፣ ተዘቅዝቀው ሞተው ያገኘኋቸውን ተምቾች ፈጭቼ በውሃ ረጨሁ። ቀኑ አንድ፣ እጁም አንድ። እየው።»

በእኔ ዳር ተምቹ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። በእሱ ዳር ይግጣል።

«ቫይረሱ እኮ አንድ ነው» አለ በሺር።

«አምና ከየት አመጣኸው?»

«ከሞተ ተምች።»

«የዘንድሮውንስ?»

«ከአምናው ጠርሙስ ወደ አዲስ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ እንደ እርሾ። ከተምች ገላ የወጣ ሕዋስ እየቀለብነው ሃያ ዙር አልፏል።»

«ፀሐይና ዝናብ ያገኘዋል?»

«የለም፤ እዚያ ሁሉ ተመቻችቶለታል።»

«እንግዲያ ድመትህን በወተት አሳድገህ አይጥ አልያዘችም ትላለህ።»

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ተምች ውስጥ ሲራባ ቅርፊት ይለብሳል። ቅጠል ላይ ፀሐይ የሚችለው በዚያ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግን ቅርፊት ለማንም አይጠቅም። ቅርፊት የማይሠራው ሥራ ስለሚቀልለው ፈጥኖ ይበዛና ሌላውን ይውጠዋል። በማይክሮስኮፕ ቅርፊቱ ሲያንስ አይቼ ነበር። ብዛቱ ደህና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ስንት እንደተወለደ ቆጠርክ፤ ምን ሆኖ እንደተወለደ አልጠየቅህም።»

«ወላሂ፣ እውነትዎን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጠርሙስ ይቅር አላልኩም። ብዙ ማሳ የሚደርሰው በእሱ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘር ሳይነካ በብርድ ይቀመጥ፤ የሚራባውም በየጥቂት ዙሩ ለሕያው ተምች ይሰጥ፤ ገድሎ የወጣው ብቻ ለዘር ይያዝ አልኩት። እንዲህ ከሆነ ንብ የሚፈጅ መርዝ ሳይረጭ እህል ይተርፋል። በሺርም በዚህ ተስማማ።

«መልካም» አልኩት። «አሁን ሣጥኑን እዚህ ተወው። ይህን ቆርቆሮ ያዝና ከእኔ ዳር የጠቆሩትን አንድ በአንድ ልቀም፤ ለሸሪፋ ጤፍ ተፈጭቶ የሚረጨው እሱ ነው። ሳይሞላ ኩታበር አትሄድም፤ ስትደርስም ለሸሪፋ ያጠፋኸውን በራስህ አፍ ንገራት።»