የአራስ ቤቱ ፍራሽ

ጅማ፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፤ አራሷ ምንትዋብ ሻጋታ የወረሰውን የአራስ ቤት ዕቃ ጓሮ አውጥታ፣ አማቷ ወይዘሮ አሰገደች ለማጽጃ ብለው የበጠበጡትን ባልዲ አሁን ገና ደፍታባቸዋለች፤ ሕፃኑ አያቱ ትከሻ ላይ ነው።

ወ/ሮ አሰገደች፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! በገዛ ግቢዬ፣ የገዛ ባልዲዬን ደፋሽብኝ?

ምንትዋብ፦ ከዚያ ይራቁ! ልጁን ይዘው ወደዚህ ይምጡ! በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ ይበጠበጣል እንዴ?

ወ/ሮ አሰገደች፦ በረኪናው ያነጣል፣ ኮምጣጤው ሽታ ያጠፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይበረታሉ ብዬ ነው።

ምንትዋብ፦ ይበረታሉ፣ ሰው ለመግደል! ጭሱ ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። ዓይንዎ ለምን የሚያለቅስ መሰለዎት?

ወ/ሮ አሰገደች፦ በዕድሌ ነዋ! ልጄ ምኗን አመጣብኝ እያልኩ።

ምንትዋብ፦ እሱን ለልጅዎ ይንገሩት። እኔ ሥራ አለብኝ።

ወ/ሮ አሰገደች፦ አራስ ደግሞ የምን ሥራ አላት? አራስ ትተኛለች! አንቺ አፍንጫሽን በሻሽ አስረሽ፣ እጅሽን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ ሽፍታ መስለሽ ፀሐይ ላይ ትገተሪያለሽ። ምች ሲመታሽ ተጠያቂዋ ማን ልትሆን ነው?

ምንትዋብ፦ ብናኙ እንዳይገባብኝ ነው። ምች ምች እያሉ መስኮቱን በምስማር አስቸነከሩት። ይኸው፣ ግድግዳው አላበው፣ ጋቢው ሻገተ፣ ቁም ሳጥኑ ጢም አበቀለ። የልጄም ደረት ሌሊቱን ሙሉ ሲር ሲር ይላል።

ወ/ሮ አሰገደች፦ የአባቱም ይል ነበር። ብርድ ነው።

ምንትዋብ፦ ጤና ጣቢያ ነርሷ «የሚተኛበት ክፍል ይረጥባል ወይ?» ብላ ጠይቃን የለ? ምን ብለው መለሱላት?

ወ/ሮ አሰገደች፦ ደረቅ ነው አልኳት።

ምንትዋብ፦ ለምን?

ወ/ሮ አሰገደች፦ ታዲያ ገመናዬን አደባባይ ላውጣው? ክርስትናው ደርሶ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ «የአሰገደች ቤት ሻገተ» ይባልልሽ?

ምንትዋብ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ወ/ሮ አሰገደች፦ ለኔ ተረት! ቁም ሳጥኑን እንኳ ልጥረግልሽ ብዬ ብነሳ መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቅሽኝ።

ምንትዋብ፦ ደረቁን ሲጠርጉት ነዋ የሚበነው። በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ አሸዋለሁ፣ ጨርቁን እጥላለሁ፣ ከዚያ በሩን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። አንሶላውንና ጋቢውን ከልጁ ልብስ ለይቼ በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ክው ብሎ ሳይደርቅም አይታጠፍም።

ወ/ሮ አሰገደች፦ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ይሄን ሁሉ እናትሽ ናት የነገረችሽ?

ምንትዋብ፦ እናቴን አያንሱ። የመጀመሪያ ልጅ ወጉ በእናት ቤት ነው፤ እናቴ ጋ ልታረስ ብዬ ስለምንዎት እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ወ/ሮ አሰገደች፦ የልጅ ልጄ በሰው ቤት ይደግ? ቆይ፣ ቆይ! ፍራሹን ወዴት ነው የምትጎትቺው?

ምንትዋብ፦ ቆሻሻ ወደሚጣልበት። ጥጥ ነው፤ ሻጋታው ሆዱ ገብቷል። አይታጠብም፣ አይፈገፈግም።

ወ/ሮ አሰገደች፦ እጅሽን አንሺ! ባልሽን ሽመክትን የወለድኩበት ነው! ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥጡን ራሱ መርጦ ያሠራልኝ ነው። ፍራሹ የሚወጣው የኔ ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው!

ምንትዋብ፦ እስቲ ጠጋ ሳይሉ ጀርባውን ይዩት።

ወ/ሮ አሰገደች፦ ትንሽ ጠቁሯል። ልብሱን እቀይርለታለሁ።

ምንትዋብ፦ ሆዱንስ?

ወ/ሮ አሰገደች፦ አንቺ ልብ የለሽም።

ምንትዋብ፦ ልቤ እርስዎ ትከሻ ላይ ነው ያለው። ይስጡኝ። ፍራሹ ተመልሶ ከገባ እኔና ልጄ ዛሬውኑ እናቴ ቤት ነን። ክርስትናውም እዚያው ነው።

ወ/ሮ አሰገደች፦ አልሰጥም! ዓይን አውጣ! ከጉያዬ ነጥቀሽኝ ልትሄጂ? ደግሞ ቀስ በይ፣ ተኝቷል።

ምንትዋብ፦ በዚህ ሁሉ ጩኸት?

ወ/ሮ አሰገደች፦ ጭልጥ ብሎ።

ምንትዋብ፦ ደረቱስ?

ወ/ሮ አሰገደች፦ እስቲ ዝም በይ።

ምንትዋብ፦ እማማ፣ ልጄ ምን ሆነብኝ?

ወ/ሮ አሰገደች፦ ዝም በይ አልኩሽ እኮ፣ ጆሮዬን ላስጠጋበት! ... ሲር ሲሩ የለም።

ምንትዋብ፦ ከማለዳ ጀምሮ ውጭ ነዋ ያለው።

ወ/ሮ አሰገደች፦ እንደምጠላሽ ታውቂያለሽ?

ምንትዋብ፦ አሳምሬ።

ወ/ሮ አሰገደች፦ እንግዲያው እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ልጁን ተቀበዪኝ። ፌስታሉንና ሻሹን ለኔም ፈልጊልኝ፤ ባሌ ያሠራልኝን ፍራሽ የሰው እጅ አይጥለውም፣ እኔው ነኝ የምጎትተው።