አፉን ወደ ግድግዳ ያዞረው ስፒከር

ልብስ ሰፊው ዝም ያለ ስፒከሩን አቅፎ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሊሰጠው ሲወጣ፣ በሩ ላይ ማየት ከማይፈልጋት ሰው ጋር ተገጣጠመ፤ ከጎረቤቱ ከአስተማሪዋ።

«ደህና አመሹ ጋሼ? ይሄም ሞተ እንዴ?»

«እንደ ወንድሞቹ! የዘንድሮ ዕቃ ዕድሜው የጤዛ ነው። ገንዘቡን የሚያፈስበት ሞኝ ነው።»

«የእኔ ግን በዕድሜ ይበልጠኛል።»

የአስተማሪዋ ስፒከር ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ መብራት የለው፣ ጌጥ የለው። ሚስቱ ግን በመሸ ቁጥር ሻርፗን ጣል አድርጋ «መጣሁ» ትልና አስተማሪዋ ቤት ታመሻለች። እሱ እራቱን ብቻውን እየበላ ሳቋን በግድግዳው በኩል ይሰማል። ሰው በሰው ሲቀና ለወዳጁ ያዋያል፤ በሳጥን የቀና ለማን ይናገራል?

«በስውር አዲስ እየገዛሽ ነው እንጂ!»

«ኧረ ጋሼ! የሚርገበገበው ክብ ዳሩ ላይ ያለው ስፖንጅ ሲበሰብስ አስቀየርኩ፤ ማጉያውም አንዴ ተጠግኗል። ደህና ስፒከር በደንብ ከተያዘ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ቶሎ የሚያረጀው ብልጭልጩና ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። እስቲ የሚያስቀምጡበትን ልየው።»

እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት ሚስቱ ከኋላው «ግቢ ልጄ» አለች።

ከጥንዱ የቀረው ስፒከር አፉን ከጋራው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ቆሟል። የድምፁ መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ ተጠምዟል።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚዘፍነው ለማን ነው?»



«ለአንቺ ነዋ!» አለች ሚስቱ። «እንድትቀኚ! እኔማ እዚህ ቤት የምሰማው ጀርባውን ነው። ፊቱን የሚያዞርልኝ ፍለጋ ነው አንቺ ዘንድ የምመጣው።»

«ቢሆንም» አለ ልብስ ሰፊው እንደ መቆጣት ብሎ፣ «አባትሽ ለዚያ ሳጥን ያወጣው እኮ የስፌት መኪና ይገዛል!»

«የእርስዎ መኪና ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከትዳሬ ይበልጣል። ዘይቱን አጓድዬበት፣ ከአቅሙ በላይ ሸራ ስፋ ብዬ አስገድጄው አላ…»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ሰው ሌላው ሲረታው ሳይሆን የገዛ አፉ ሲረታው ያምናል።

«ስለዚህ በጩኸት የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«አልሞተም ጋሼ» አለች አስተማሪዋ የታቀፈውን ስፒከር አገላብጣ አይታ፤ «ዳሩ ነው የተቀደደው። ይጠገናል።»

ተጠገነም፤ ለአዲስ ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ከግድግዳው አርቆ ወደ ሚስቱ ወንበር አዞራቸው፤ ድምፁንም ከግማሽ በታች አደረገው። ያን ጊዜ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ተሰማ። ለካ ደህና ዕቃ አንዴ ገዝቶ መንከባከብ በየዓመቱ ርካሽ ከመቅበር ይሻላል፤ ኪስም ጆሮም ያርፋል፣ ጎረቤትም ይተኛል።

ሲመሽ ሚስቱ ሻርፗን አነሳች። ልብስ ሰፊው «መጣሁ» እስክትል ጠበቀ። እሷ ግን ሻርፑን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠች።

«ትንሽ ቀንሰው» አለችው፣ «ለጎረቤት እንዳይተርፍ።»