እንሰት ስፍቅ የሣለኝ ፈረንጅ

በእኛ ጊዜ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ በዚያ አያልፍም፣ ነውር ነው! ለምን በሉኝ። ጣውላው ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ አንቺ መሬት ትቀመጫለሽ፣ አንድ እግርሽን ሽቅብ ሰቅለሽ ልጣጩን በተረከዝሽ ትይዣለሽ፣ ቀሚስሽ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ እኔ ያኔ እዚሁ ሌሞ ገና ያገባሁ ልጅ ነኝ፣ ጓሮ ብቻዬን ስፍቅ ስፍቅ፣ ቀና ብል አንድ ፈረንጅ! ከበቅሎው ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ፣ እርሳሱ በእጁ፣ ጫር ጫር፣ ጫር ጫር። "ሂድ ከዚህ!" አልኩ። አብሮት የመጣው አስተርጓሚ "አትነቃነቂ ይልሻል" አለኝ። አትነቃነቂ! ሰማችሁ? እንሰቱ እየጠቆረብኝ? ጀርባዬን ሰጥቼው ሥራዬን ቀጠልኩ፣ እና ሲበቃው ሄደ።

ያደረው ጭቃ ሹሙ ቤት ነበርና ሥዕሉን ለእሱ ሰጠው። ጭቃ ሹሙ ደግሞ መች ያርፋል፣ ገበያ ይዞት ወጣ! ባሌ ላምቤቦ ከገበያ ሲመለስ በር ላይ ቆመ።

"እግርሽን ሰቅለሽ ለፈረንጅ አሳየሽ? ገበያው ሁሉ አየሽ! ተነሺ፣ አባትሽ ቤት!"

"ፊቴን አየኸው?"

"ፊት የለውም።"

"አፍንጫዬንስ?"

"የለውም አልኩሽ!"

"ታዲያ እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?"

"አወቅሁ!"

አወቅሁ ይለኛል! ምን ትሉታላችሁ?

በነጋታው ሽማግሌ ተጠራ፣ ጭቃ ሹሙም ወረቀቱን አመጣ፣ እና አየሁት። ጭረት ብቻ እኮ ነው! ጭስ የመሰለ ነገር፣ መሀሉ ላይ ጎንበስ ያለች ሴት፣ በቃ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ደግሞ አስጠጋው፣ እና "ይቺማ የእኔ ባለቤት ናት" አለ። ሌላው ነጠቀውና "የምን ያንተ! የእኔዋ ናት፣ ትከሻዋን እይ እንጂ!" አለ። ዱላ ሊማዘዙ! እኔ ልባረር ነው፣ እነሱ በእኔ እግር ይጣላሉ!

ታዲያ ላምቤቦ ዘሎ ተነሣ። "ዝም በሉ! የእኔ ናት። ሲደክማት አንገቷን ወደ ግራ ትጥላለች፣ ይኸው!"

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ካገባኝ ጀምሮ "ደከመሽ ወይ?" ብሎኝ የማያውቅ ሰው! "መድከሜን እያየህ ነው እንዴ ዝም የምትለው?" አልኩት፣ በሽማግሌ ፊት፣ አማቴ ቆመው እየሰሙ!

ሽማግሌዎቹም "ሚስቱን ከጀርባዋ የሚያውቅ ሰው አያባርርም፤ ይልቅ ሂድና ጓሮዋን እጠርላት" ብለው ፈረዱ። አጠረ፣ እሱንም በስንት ጭቅጭቅ!

"ሥዕሉስ አያቴ? የት ደረሰ?"

ሥዕሉማ! ትልቁ ሽማግሌ ብብቱ ውስጥ ከትቶት ሄደ። "የእኔዋ ናት" እንዳለ ሞተ እኮ፣ ሃ ሃ ሃ!