የሱሉልታው ቀይ ብልቃጥ

አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ እስራኤል! ና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። የሰበታ ጭቃ ጫማህን ምን አድርጎታል በናትህ? ይሄ ክረምት እኮ አስፋልቱንም አልማረው። ኦቦ ጎበና፣ ሬዲዮኑን ትንሽ ይቀንሱልኝማ፤ ዓለም ገና እስክንደርስ ከዚህ ልጅ ጋር ልጫወት። ድምፄንም ዝቅ ላድርግ... ከፊት ወንበር ያሉት ትልቅ ሰው መኪናቸው ጋራዥ ገብቶ ነው ዛሬ በእኛ ሰርቪስ የተሳፈሩት። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አንረብሻቸው።

አንተ ላብራቶሪያችን ከመጣህ ገና ሁለት ሳምንትህ አይደል? እንግዲያው ላሊሴን አታውቃትም። የቡራዩ ልጅ ናት፣ የማስተርስ ተማሪያችን ነበረች። አባቷ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ቆስሎ፣ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ገብቶበት፣ ተቆረጠ። እሷም ከዚያ ወዲህ እልህ ያዛት። ዓመት ከመንፈቅ ሞሊብዲነም ከሚሉት ብረት ጋር ስትታገል ከረመች። አተሞቹ ስድስት ስድስት ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ይያያዛሉ አለችኝ። እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? ግን ሰማያዊ መብራት ሲበራበት እንደ ፍም ቀይ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘለላው የተቀበለውን ብርሃን በአየሩ ውስጥ ላለው ኦክስጅን ያቀብለዋል፤ ኦክስጅኑ ይቆጣና ጀርሙን ይፈጀዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ብቻዋን ሠራችው እንዳትለኝ ታዲያ። አለቃ ነበሯት። እንዴት ያሉ አለቃ! በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ላብራቶሪ ገብተዋል። ሁለቴ ፎቶ ለመነሳት፣ አንዴ ደግሞ ጃንጥላቸውን ረስተው። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ? የምርምሩ ጽሑፍ በመጽሔት ሲታተም ደግሞ የላሊሴን ስም ፋቁት። ልጅቷ ዝና እንዳይከብዳት ብለው ይሆናል... አዛኝ ናቸው። እኔን እንኳ ከታች አመስግነውኛል፤ «ለዕቃ አጣቢዋ» ብለው። ለእሷ ግን ምስጋና ያንስባታል ብለው ተዉት መሰለኝ።

ግንቦት ላይ ሱሉልታ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ለእንግዶች ማሳያ ተዘጋጀ። ብልቃጦቹን ተሸክሜ ሄድኩ። ላሊሴ ራሷ ከሠራችው ከአንድ ዱቄት ሁለት ብልቃጥ አሰናዳች። አንዱን አየሩን አስወጥታ ግጥም አድርጋ ዘጋችው፤ ሌላውን ክፍቱን ተወችው። ከዚያ «አንቺ ከኋላ ሆነሽ የአዳራሹን መብራት አጥፊ» ተባለች። ትልቅ ኃላፊነት ነው እኮ!

ጨለመ፤ ሰማያዊው መብራት በራ። የተዘጋው ቦግ አለ። ክፍቱ ደብዘዝ አለ። ይሄኔ የእኛ ሰው ደማቁን ከፍ አድርገው፣ «ጀርሙን ድራሹን የሚያጠፋው ይሄ የእኔ ናሙና ነው! ያ ደብዛዛው የተማሪዋ ነው፤ ገና እየተማረች ስለሆነ ይቅርታ» አሏቸዋ!

ፕሮፌሰር አክመል የሚባሉ ሽማግሌ ከፊት ተነሱ። «ደማቁ ውስጥ አየር አለ?» አሉ።

«በፍጹም! ንጹሕ ነው!»

«ታዲያ ኦክስጅን ከሌለ ጀርሙን ምን ይገድለዋል?»

አለቃዋ ክራባታቸውን ነኩ። ውሃ ጠጡ። ከዚያ ማይኩ ተበላሸ አሉ። ማይኩ ደህና ነበር፣ እስራኤል።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው ላሊሴን ጠሯት። መጣች። «ሁለቱም ከአንድ ዱቄት ናቸው» አለች። «የተዘጋው ብርሃኑን የሚቀበለው ስለሌለ እንዲሁ ያበራል። ክፍቱ የደበዘዘው ለኦክስጅኑ እየሰጠ ነው። ሥራ የሚሠራው ደብዛዛው ነው።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀድመው ያጨበጨቡት ማን መሰሉህ? «እኔ ነኝ ያስተማርኳት!» እያሉ። እንዲህ ያለ ቀና ልብ የት ይገኛል?

ሰኞ ጠዋት የላብራቶሪ ቁልፏን ተቀበሏት። ዕረፍት ያስፈልግሻል ብለው። ማጠቢያዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም ብርጭቆ ይዤ አብሬያት ቆምኩ።

ደግነቱ ፕሮፌሰሩ ወደ እሳቸው ቤተ ሙከራ ወሰዷት። መጽሔቱም የሙከራ ደብተሯን መርምሮ ጽሑፉን አረመ፤ ስሟ አሁን ከሁሉም ፊት ነው። የአለቃዋ ስም? አለ፣ አለ... ምስጋናው ላይ፣ ከእኔ አንድ መስመር ከፍ ብሎ። ጎረቤት ሆንን!

እኛ ጋ ግን እሷ ስለሌለች ከሰኔ ወዲህ ዱቄቱ እየጠቆረ አስቸገረ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ማጠቢያዬ ድረስ መጥተው፣ «ማሪቱ፣ የላሊሴ ደብተር የት እንዳለ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «የቷ ላሊሴ፣ ጌታዬ? ያቺ ገና እየተማረች ያለችው?» አልኳቸው። ሰምተውኝ ይሁን አይሁን፣ ወጥተው ሄዱ። ደብተሩንማ ያኔ ቁልፏን የተቀበሏት ሰሞን ራሴ ሦስት ሚኒባስ ቀይሬ ቡራዩ ወስጄ በእጇ ሰጥቻታለሁ። እንዳትናገር ታዲያ! ብትናገርም ግድ የለም፤ ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው።

ውይ፣ ትልቁ ሰው ነቁ እንዴ? አንገታቸውን ላብ ላብ አላቸው። ኦቦ ጎበና፣ መስኮቱን ይክፈቱላቸው እባክዎ።

እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም፣ እስራኤል። የዚያ አለቃ ሴት ልጅ ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ ልትጀምር ነው አሉ። ጎበዝ፣ ትሑት፣ ታታሪ፤ ሌት ተቀን የምትለፋ ልጅ ናት ይላሉ። እሰይ! እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት። እጇ የነካው ሁሉ ይባረክ። በሄደችበትም ሁሉ... ልክ እንደ አባቷ ያለ አለቃ ይስጣት። አሜን በል እንጂ!