ገመና ወይስ ምስክርነት

አቶ አንለይ ወረታ የወጡት የከብት ገመድ ሊገዙ ነበር። የመስከረም መጨረሻ ዝናብ መናኸሪያው አጠገብ ያዛቸውና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ቢጠለሉ፣ የልጃቸውን የአምሳልን የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ወይዘሪት ደብረወርቅን አገኟት። ሲያሳስባቸው የሰነበተ ነገር ነበርና ከሰላምታው አስከትለው፣

«መምህርት፣ ቅር ያለኝን ልናገር» አሏት። «አምሳል የቤታችንን ገመና ለማናውቀው አገር እየጻፈች ነው አሉ። ውኃ ቤታችን መግባቱን፣ ከብት እየነዳን መሰደዳችንን! ውጤቷ አይበቃም?»

«ውጤቷማ ግሩም ነው፣ አባቴ። ነገር ግን ነጻ የትምህርት ዕድል በሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ፣ አንደኛ የወጡ ልጆች ማመልከቻ እንደ ሩዝ ክምር ነው የሚከመረው። መራጮቹ ‹ይህች ልጅ ማን ናት? ምን ሠራች?› ይላሉ።»

«‹እኔ እንዲህ ነኝ› የምትል ልጅ አላሳደግሁም። ራስን ማወደስ ነውር ነው።»

መምህርቷ አልተከራከረችም። አምሳል የጻፈችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። አምሳል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ፣ በየክረምቱ ርብ ወንዝ ዳር እንጨት ተክላ የውኃውን ከፍታ በደብተር ስትመዘግብ ኖራለች። አምና ውኃው በአንድ ቀን ክንድ ሲጨምር ጎረቤቱን ዞራ አስጠነቀቀች። «ሰዎች ሳቁብኝ» ይላል ጽሑፉ፤ «አባቴ ግን አንድ ቃል ሳይናገር የበረቱን በር ከፈተ። እሱ ስላመነኝ ሌላውም አመነኝ፤ ከብቱ ሁሉ ተረፈ።»

አቶ አንለይ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

«ይኸን ጻፈች?»

«ጻፈች። ገመና ነው ወይስ ምስክርነት?»

ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አድርገው «ክንድ አይደለም» አሉ።

«ምኑ?»

«የጨመረው ውኃ ክንድ ከስንዝር ነው። አጠገቧ ነበርሁ። ከተጻፈ አይቀር እውነቱ ይጻፍ እንጂ፣ ልጄ!»

ደብረወርቅ ሳቀች። «ልጄ» ብለው ስለ ጠሯትም በልቧ ደስ አላት። «እንግዲያው ነገ ከአምሳል ጋር ቁጭ ብላችሁ አርሙት። እስካሁን አራት ጊዜ ጽፋዋለች፤ ጥሩ ማመልከቻ በአንድ ጊዜ አያልቅም። የሳይንስ መምህሯም ደብተሯን አይቶ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላታል። የቀረን የወላጅ ፊርማ ነው።»

«የእኔ ፊርማ እንኳ አያምርም» አሉ፤ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት መጥተው ፈረሙ። አባትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው፣ እሷ እያነበበች እሳቸው እያስታወሱ፣ ጽሑፉን እስከ ቀትር አቃኑት።

በሚያዝያ አምሳል መመረጧ ተሰማ። ጎረቤታቸው እንግዳው ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጁን አስቦ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ሲል ቢጠይቃቸው፣ አቶ አንለይ እንዲህ አሉት፦

«ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ አትጠብቅ። ትምህርቷን ትበርታ፤ የምትወደውን ሥራ ትያዝ፤ የሠራችውን ትመዝግብ፤ መምህራኗ በቅርብ ይወቋት። ከሁሉ በፊት ግን አንተ የምትሠራውን ቆመህ እይላት። አባቷ ያላየላትን፣ ባዕድ ያይልኛል ብላ እንዴት ትጻፍ?»