ቅሬው የሰማት ዘፈን

እኔ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው፤ እስቲ እናንተ ፍረዱ። በገዛ ጊታሬ ሠርቼ ኢንተርኔት ላይ የለቀቅኳትን ጃዝ ቀመስ ዘፈን ከአራት ጓደኞቼ በቀር የሰማት ሰው አልነበረም። ታዲያ ወደ ትውልድ መንደሬ ኩልመስክ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ ጠዋት ድምፅ ማጉያ ደጃፍ ላይ አውጥቼ ለቀቅኳት። መግቢያዋ ላይ ትራምፔት ለብቻው ረዘም አድርጎ ያንጎራጉራል። እኛ አገር ደግሞ ሰው ሲሞት እድሩ፣ ቅሬ የምንለው፣ ሕዝቡን የሚጠራው በጥሩምባ ነው። ረስቼው!

ዘፈኗ ውስጥ ገና ድምፄ ሳይገባ ግቢያችን ነጠላ ባዘቀዘቁ ጎረቤቶች ሞላ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር፣ “ማን ነው ያረፈው?” አሉኝ።

“ኧረ ማንም! የኔ ዘፈን ነው ጋሼ” አልኩ እየተንተባተብኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። “ከወጣን አይቀር እንስማው። ከመጀመሪያው አድርገው።”

መልሼ ከመጀመሪያው ለቀቅኳት። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዘፈኗ ስታልቅ ሁሉም ተነሡ። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አፍ አፋቸውን ሳይ፣ በየተራ እጄን እየጨበጡ፣ “እግዜር ያጥናህ” ብለውኝ ወጡ።